የአምስት ሴኮንድ ማኅተም፤ የልጆች ፊልም ዓርማ ለነጋዴ የሚያስተምረው

ነጋዴ ዕቃውን ከሸጠ በኋላ ከገዢው ጋር አብሮ ወደ ቤት የሚገባለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ስሙ ነው። ጨርቁ ይለበሳል፣ ስኳሩ ይበላል፣ ሳሙናው ይሟሟል፤ በመጠቅለያው ላይ የታተመው ምልክት ግን በገዢው ልብ ውስጥ ይቀራል። በሚመጣው ሳምንት ወደ ሱቅ ተመልሶ «ያንን ስጠኝ» የሚለው በዚሁ ምልክት ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የአበው ምሳሌ ስለ ሰው ቢነገርም፣ ስለ ንግድ ቤት ቢነገር የሚጐድለው ነገር የለም።

ይህን ጉዳይ ለመመርመር ሩቅና ጥቂት እንግዳ የሆነ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። በአሜሪካ ለልጆች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ይልቁንም በገና ሰሞን፣ በቴሌቪዥን የሚታዩ ልዩ ዝግጅቶች አሉ። የዝግጅቱ ታሪክ ተፈጽሞ የሠራተኞቹ ስም ካለፈ በኋላ፣ የአምራቹ ኩባንያ ዓርማ እየተንቀሳቀሰ ለአራት ወይም ለአምስት ሴኮንድ ያህል ይታያል፤ አጭር ዜማም ይሰማል፤ ወዲያውም ይጠፋል። ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቈጥረውም። ይሁን እንጂ የእነዚህ ጥቂት ሴኮንዶች ታሪክ ለአስመጪ፣ ለላኪና ለባለሱቅ የሚሆን ብዙ ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብ።

ከፋዩና ሠሪው

ዓርማን በፊልም ላይ ማንቀሳቀስ በቴሌቪዥን የተጀመረ ነገር አይደለም። የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ አንበሳ ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በሲኒማ ቤት ሲያገሣ የኖረ ነው። ቴሌቪዥን ግን ከሲኒማ የሚለይበት ነገር ነበረው፤ ይኸውም ተመልካቹ በቤቱ ተቀምጦ ትኬት ሳይቈርጥ ማየቱ ነው። ስለዚህ የፊልሙን ወጪ የሚሸፍን ሌላ ነጋዴ አስፈለገ። ቀይ አፍንጫ ያለው የአጋዘኑ የሩዶልፍ ታሪክ ዲሴምበር 6 ቀን 1964 በኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ ሲታይ ከፋዩ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ነበር። የቻርሊ ብራውን የገና ታሪክ ዲሴምበር 9 ቀን 1965 በሲ.ቢ.ኤስ. ሲታይ ከፋዩ ኮካ ኮላ ነበር። ገናን ሊሰርቅ የተነሣው የግሪንች ታሪክ በ1966 ሲቀርብ ደግሞ ወጪውን የደገፈው የንግድ ባንኮች ፋውንዴሽን ነበር።

ከፋዩ የተሻለውን ስፍራ መያዙ በንግድ ዓለም የተለመደ ነው። በቻርሊ ብራውን ፊልም የኮካ ኮላ ስም ከመክፈቻውና ከመዝጊያው ሥዕል ጋር ተያይዞ ተሠርቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያ ስም ከፊልሙ ተቈርጦ ወጣ፤ ዛሬም ያንኑ ፊልም የሚያይ ልጅ በመጀመሪያ ጊዜ ወጪውን የከፈለው ማን እንደ ነበረ አያውቅም። ፊልሙ በ2001 ከሲ.ቢ.ኤስ. ወደ ኤ.ቢ.ሲ. ጣቢያ ተዛወረ፤ በ2020 ደግሞ የማሳየቱ መብት ወደ አፕል ኩባንያ ሄደ። ከፋዩም ጣቢያውም ሲለዋወጥ የሠሪዎቹ የሊ ሜንደልሰንና የቢል ሜሌንዴዝ ስም ከፊልሙ ጋር ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ማስታወቂያ ኪራይ ሲሆን የሠሪ ማኅተም ግን ርስት ነው። ለኪራዩ ብዙ ገንዘብ እያወጣ ርስቱን የሚዘነጋ ነጋዴ ሒሳቡን አላወቀም ማለት ነው።

የአምስት ሴኮንድ ሥራ

እነዚህ ጥቂት ሴኮንዶች በቀላሉ የተገኙ አይደሉም። ፊልም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 24 ሥዕል ያሳልፋል፤ ስለዚህ የአምስት ሴኮንድ ዓርማ 120 ሥዕል ይፈጃል። ሠዓሊዎቹ አንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያነሡት እንኳ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ በእጅ የሚሣሉ 60 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ።

ይህን ድካም ለማቃለል በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሊ ሃሪሰን የተባለ መሐንዲስ ስካኒሜት የተባለ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው በካሜራ የተነበበውን ፊደል ወይም ሥዕል በኤሌክትሪክ ኃይል እየሳበና እያጠፈ፣ እያዞረና እያበራ ያንቀሳቅሰዋል። በጠቅላላው የተሠሩት ስምንት መሣሪያዎች ብቻ ነበሩ፤ ሆኖም በ1970ዎቹ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታዩት የሚሽከረከሩና የሚያብረቀርቁ ብዙ ፊደላት ከእነርሱ የወጡ ናቸው። በኋላ ኮምፒዩተር ሥራቸውን ተረከበ።

አንድ ነጋዴ «ለአምስት ሴኮንድ ይህን ያህል ወጪ ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ቀላል ነው። ዓርማው አንድ ጊዜ ተሠርቶ በእያንዳንዱ ፊልም መጨረሻ ይገባል። ፊልሙ ለአንድ ሌሊት ሲታይ ዓርማው ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ወጪው ለብዙ ፊልም ሲካፈል ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ይህ የሚሠራው ግን ዓርማው ሳይለወጥ ሲቈይ ነው። በየዓመቱ መጠቅለያውንና ምልክቱን የሚለዋውጥ የንግድ ቤት በየዓመቱ እንደ አዲስ ገበያ እንደሚገባ እንግዳ ይቈጠራል።

ደንበኛው ልጅ ሲሆን

በ1970ዎቹ የሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ ልዩ ዝግጅት ሊያሳይ ሲል «ልዩ» የሚለው ቃል በብዙ ቀለም እየተሽከረከረ፣ ፈጣን የከበሮ ድምፅም እያጀበው ይታይ ነበር። በዚያ ዘመን ልጆች የነበሩ አሜሪካውያን ያንን ድምፅ ሲሰሙ ሥራቸውን ትተው ወደ ቴሌቪዥኑ ይሮጡ እንደ ነበር ዛሬም ያስታውሳሉ። ፊልሙ ሳይጀመር ደስታው ተጀመረ ማለት ነው። ምልክት በሚገባ ሲሠራ ለዕቃው መንገድ ጠራጊ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ተቃራኒውም ታይቷል። ስክሪን ጄምስ የተባለው የኮሎምቢያ ፒክቸርስ የቴሌቪዥን ክፍል በ1965 አዲስ ዓርማ አወጣ። ሁለት ቅርጾችና አንዲት ነጥብ ተገጣጥመው አንድ ፊደል ይሠራሉ፤ ኤሪክ ሲዴይ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የደረሰው ሻካራ ዜማም አብሮ ይሰማል። ለታላላቆች ዘመናዊ መስሎ ይታይ ይሆናል። ብዙ ልጆች ግን ፈሩት፤ ካደጉም በኋላ «የገሃነም ፊደል» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ በ2010 ሮድኒ አሸር የተባለ የፊልም ሠሪ ስለዚሁ ፍርሃት አንድ አጭር ፊልም አዘጋጀ። ኩባንያው ልጅን ለማስፈራራት አላሰበም። ያጠፋው ምልክቱን ሲሠራ ዕቃውን በመጨረሻ የሚቀበለው ማን እንደ ሆነ አለማሰቡ ነው።

ይህን የተረዱ ሌሎች ነበሩ። በ1971 በካናዳ የተቋቋመው ኔልቫና በ1977 የመጀመሪያ ልዩ ዝግጅቱን ያቀረበ ሲሆን፣ ለዓርማው የበረዶ አገር ነጭ ድብ መረጠ። መጀመሪያ በፈረንሳይ አገር የተመሠረተው ዲክ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ አንድ ልጅ ከውሻው ጋር በአልጋው ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ከመስኮቱ ውጭ ኮከብ ሲያበራ የሚያሳይ ዓርማ አወጣ። ኮከቡ ከኩባንያው ስም ፊደላት በአንዱ ላይ ነጥብ ሆኖ ያርፋል። በዚህ ዓርማ ውስጥ ትምክሕት የለበትም፤ ደንበኛውን ያከበረ ነውና ደንበኛው ወደደው።

ማኅተም የጣለ ኃላፊነት ይሸከማል

የሩዶልፍን ፊልም ያወጡት አርተር ራንኪንና ጁልስ ባስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ኩባንያቸው በ1960 በኒው ዮርክ ሲቋቋም ቪዲዮክራፍት ኢንተርናሽናል ይባል ነበር፤ በኋላ ራንኪን ባስ ተባለ። የሩዶልፍ ድምፅ የተቀዳው በካናዳ ቶሮንቶ ሲሆን፣ አሻንጉሊቶቹን እያንቀሳቀሰ ፎቶግራፍ ያነሣው በጃፓን የታዳሂቶ ሞቺናጋ ስቱዲዮ ነው። ዕቃው በሦስት አገር ተሠርቶ በአንድ ስም ገበያ ወጣ ማለት ነው። ይህ ለአስመጪዎች አዲስ ነገር አይደለም። በውጭ አገር ፋብሪካ አሠርቶ በራሱ ስም የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል። ጥያቄው ጕድለት ሲገኝ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ነው። መልሱም ማኅተሙን የጣለው ነው።

ጕድለትም ተገኘ። በታሪኩ ውስጥ በአንድ ደሴት ላይ የተጣሉ፣ ማንም ያልፈለጋቸው አሻንጉሊቶች አሉ፤ ሩዶልፍም የገና አባት ቤት እንደሚያገኝላቸው ተስፋ ይሰጣቸዋል። በ1964ቱ ፊልም ግን ይህ ተስፋ ሳይፈጸም ታሪኩ አለቀ። ተመልካቾች ቅሬታቸውን አሰሙ። በሚቀጥለው ዓመት በፊልሙ መጨረሻ አዲስ ክፍል ተጨምሮ የገና አባት አሻንጉሊቶቹን ሊወስድ ወደ ደሴቱ ሲሄድ ታየ። ቅሬታው ስለ ጨርቅ ልክ ወይም ስለ ዱቄት ሚዛን አልነበረም፤ በልብ ወለድ ታሪክ ውስጥ ላለ ቃል ነበር። ያም ሆኖ ቃሉ ተፈጸመ። ፊልሙ ዛሬ ከስድሳ ዓመት በኋላ በየዓመቱ የሚታየው እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ስላልተለየው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ስሕተት ግን ያልታረመ ነው፤ ይህንንም በንግድ ቤት ደብዳቤና ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። በፊልሙ ላይ የባለመብትነት ማስታወቂያ ሲጻፍ ዓመቱ በሮማውያን አኃዝ ተመለከተ። በዚህ አጻጻፍ ዘጠኝ መቶ የሚገኘው የመቶው ፊደል ከሺሁ ፊደል በፊት ሲቀመጥ ነው። ጸሐፊው ያችን ሁለተኛ የሺህ ፊደል ገደፋት። በዚህም ምክንያት 1964 ተብሎ መነበብ የሚገባው 1164 ሆነ። በአንዲት ፊደል ምክንያት ፊልሙ ስምንት መቶ ዓመት አረጀ።

ነገሩ ለሣቅ ብቻ የሚሆን አይደለም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ለሕዝብ የሚቀርብ ሥራ ትክክለኛ የባለመብትነት ማስታወቂያ እንዲኖረው ግዴታ ነበር፤ ግዴታው የቀረው በ1989 ነው። ከዚህም የተነሣ የዚያች ፊደል ጕድለት የፊልሙን መብት ምን ያህል እንደ ነካው የሕግ ዐዋቂዎችን ሲያነጋግር ኖሯል። እንዲህ ያለ ስሕተት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ በ1968 የወጣው የጆርጅ ሮሜሮ አስፈሪ ፊልም አሳይቷል። የፊልሙ ርእስ ሲለወጥ ማስታወቂያው ሳይገባ ቀረ፤ መብቱም በዚሁ ጠፍቶ ማንም እያባዛ ይሸጠው ጀመር። ሠሪዎቹ ያጡት ገንዘብ በአንድ መስመር ጽሑፍ መቅረት የመጣ ነው።

ርስቱ ሲከፈልና ዓርማው ሲሸፈን

ራንኪን ባስ መደበኛ ሥራውን ያቆመው በ1987 ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ፊልሞቹ በሁለት እጅ ተከፍለው ነበር። እስከ 1974 ድረስ ከተሠሩት ውስጥ ሩዶልፍና በ1969 የታየው የበረዶው ሰው ፍሮስቲ ከአንዱ ባለገንዘብ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ቈይተው ወደ ድሪምወርክስ ደረሱ፤ ዩኒቨርሳል በ2016 ድሪምወርክስን ሲገዛም አብረው ሄዱ። በዲሴምበር 1974 የታየው «የገና አባት የሌለበት ዓመት» የተባለው ፊልምና ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን በዋርነር ብራዘርስ እጅ ናቸው። ደንበኛው የሚያውቀው አንድ የሠሪ ስም ሲሆን የንብረቱ ባለቤቶች ግን ሁለት ናቸው። ልጆቹ ወይም ሽርካዎቹ ሲለያዩ የንግድ ስሙ ለማን እንደሚቀር አስቀድሞ በጽሑፍ ያልወሰነ የንግድ ቤት ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ያንብበው።

አዲስ ባለቤት ሲመጣ ደግሞ የሚከተል ሌላ ልማድ አለ። ስክሪን ጄምስ በ1974 ስሙ ተለውጦ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ቴሌቪዥን ከተባለ በኋላ፣ በብዙ የቀድሞ ፊልሞች መጨረሻ ላይ የነበረው ዓርማው እየተነሣ የአዲሱ ስም ዓርማ ገባበት። ከ1994 ጀምሮ የኤን.ቢ.ሲ. ጣቢያ የሠራተኞቹን ስም ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ገፍቶ በቀረው ስፍራ የሚቀጥለውን ዝግጅት ማስታወቅ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳዩ ድርጅቶች ታሪኩ እንዳለቀ ተመልካቹን ወደሚቀጥለው ፊልም ስለሚያሻግሩት፣ ብዙ ጊዜ ዓርማው የሚታይበት ጊዜ እንኳ አይገኝም።

ለዚህ አሠራር የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው ገዝቶ የያዘ ሰው በንብረቱ ላይ የፈለገውን ያደርጋል የሚል ነው። ሁለተኛው ተመልካቹ ቸኩሏልና ጊዜውን ማባከን አይገባም የሚል ነው። ሁለቱም ምክንያቶች በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን የታወቀ ሱቅ የገዛ ብልህ ነጋዴ በመጀመሪያው ቀን የቀድሞውን ታፔላ አያወርድም፤ የከፈለው ዋጋ ትልቁ ክፍል ለዚያ ታፔላ መሆኑን ያውቃልና። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ለንግድ ይጠቅማል ማለት አይደለም። የተመልካቹን መቸኰል በተመለከተም፣ ሲሸሽ የሚታየው ከማስታወቂያ እንጂ ከሚወደው ምልክት አይደለም። እነዚያን ዓርማዎች በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ከአርጌ የቪዲዮ ካሴት ላይ እየፈለጉ ዛሬ ማሰባሰባቸው ለዚህ ማስረጃ ነው። ማንም ሳይከፍላቸው የሚጠብቁትን ምልክት ባለቤቱ ራሱ ሲያጠፋው ከኪሣራ በቀር ሌላ ስም አይገኝለትም።

ለኢትዮጵያ ነጋዴ

ይህ ነገር ከአገር ውስጥ ንግድ የራቀ መስሎ ሊታይ አይገባም። የሐረር፣ የሲዳሞና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞች የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ የኢትዮጵያ መንግሥት በ2005 በአሜሪካ ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ክርክሩ ይኸው ስለ ሠሪ ማኅተም ነበር። ቡናውን ያበቀለው ገበሬ ስም በሌላ አገር መደብር ውስጥ ትርፍ ሲያስገኝ ባለቤቱ ማን ነው? ነገሩ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት መልክ ያዘ። በልጆች ቴሌቪዥንም ቢሆን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት ቀጭኔዋን ፀሐይን ያየ ሕፃን፣ ፊደል ከመለየቱ በፊት ምልክት መለየቱን ወላጅ ሁሉ መስክሯል።

ሕጉም አለ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998፣ የተመዘገበ ምልክት ለሰባት ዓመት እንዲጸናና በየሰባት ዓመቱ እንዲታደስ ደንግጓል። እንግዲህ የሚቀረው የነጋዴው ድርሻ ነው።

ከላይ ከተነገረው ታሪክ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። የንግድ ቤቱ ምልክት አንድ ይሁን፤ ያለ በቂ ምክንያት አይለወጥ። ዕቃው በማንም እጅ ቢሠራ ስሙን ያተመበት ነጋዴ ለጕድለቱ መልስ ይስጥ። የምዝገባው ወረቀትና የሚታደስበት ቀን በመዝገብ ይያዝ፤ ማኅተም ከመቀረጹና መጠቅለያ ከመታተሙ በፊት እያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ በሁለት ሰው ዓይን ይመርመር። ሽርክና ሲፈርስ ስሙ ለማን እንደሚቀር በውል ይጻፍ። የሌላውን ሠሪ ዕቃ የሚሸጥ ባለሱቅ የሠሪውን ስም በራሱ ወረቀት አይሸፍን፤ የልጆችን ቦርሳና ደብተር የሚያስመጣውም ነጋዴ በላዩ የታተመው ሥዕል በባለመብቱ ፈቃድ የታተመ መሆኑን ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ይጠይቅ።

በዚያ የገና ምሽት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠው ልጅ የኩባንያውን ሒሳብም ሆነ የባለቤቱን ማንነት አያውቅም። የሚያውቀው መልካም ነገር ካየ በኋላ ያች ምልክት እንደምትመጣ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ምልክቷን ሲያይ ዘመዱን እንዳየ ይደሰታል። ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የቆመ ደንበኛም እንዲሁ ነው።